የሸክላ ማጫወቻ ክንድ ልገዛ ወጥቼ

ይህ ነገር የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ትምህርት ቤት በተከፈተ ሰሞን፣ ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ነው። ለሰው ሳወራው እንደ መልካም ወሬ አድርጌ ነው የማወራው። የሰማው ሁሉ "ደስ ይላል" ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን አንድ ቦታ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ዘልዬው አልፋለሁ። ያንን ቦታ ለባለቤቴም ቢሆን በደንብ ነግሬው አላውቅም። ዛሬ ልጽፈው የተነሳሁት ለዚሁ ነው።

የምኖረው ቀራንዮ ነው። እዚያው ሰፈር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። ዕድሜዬ አርባ ስድስት ሆኗል። አባቴ ሲሞት ከተወው ነገር እኔ የወሰድኩት ሁለት ካርቶን ሙሉ ሸክላ ነው። ሌላውን ወንድሞቼ ተካፈሉት፤ ሸክላውን የፈለገ አልነበረም። የአባቴ ማጫወቻ ከተበላሸ ብዙ ዘመን ስለሆነው ሸክላዎቹ ዓመታት ሙሉ አልጋዬ ስር ተቀምጠው ኖሩ።

አንድ ቀን ከባለቤቴ ከደረጀ ጋር፣ ከአገር የሚወጡ የውጭ ሰዎች የቤት ዕቃ የሚሸጡበት ግቢ ቁም ሣጥን ልናይ ሄድን። ቁም ሣጥኑ ቀድሞ ተሸጧል። ጥግ ላይ ግን አንድ የሸክላ ማጫወቻ አየሁ። እንደዚያ ያለ አይቼ አላውቅም። ሸክላው የሚያርፍበት ሳህን ብቻውን እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይከብዳል። በጣቴ ገፋ ሳደርገው ድምፅ ሳያሰማ መዞር ጀመረ፤ ቶሎም አልቆመም። ችግሩ ክንድ የለውም። ክንድ የሚባለው መርፌውን ጫፉ ላይ ይዞ ከሸክላው በላይ የሚሄደው ቀጭን ዘንግ ነው። ባለቤቱ ነቅሎ ይዞት ሄዷል አሉን። መርፌው ብቻ በትንሽ ዕቃ ውስጥ ቀርቷል። በርካሽ የሰጡንም ለዚህ ነው። ደረጀ እስከ ቤት ድረስ ሳቀብኝ። ክንድ የሌለው ማጫወቻ ምን ያደርግልሻል አለ።

ማግስቱን ጦር ኃይሎች አካባቢ ቴፕና ሬዲዮ የሚጠግኑ ጋሽ በቀለ የሚባሉ ሽማግሌ ዘንድ ሄድኩ። የማሽኑን ፎቶ በስልኬ ሲያዩ መነጽራቸውን አወለቁና እንደገና አደረጉ። ከዚያ ከመደርደሪያቸው ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ክንድ አወጡልኝ። ከአሮጌ ማሽን የተነቀለ፣ ረጅም፣ መሐሉ ላይ የታጠፈ፣ ከበድ ያለ ክንድ ነበር። ጥሩ ዕቃ እንደሆነ ነገሩኝ። ነገር ግን እያንዳንዱ ክንድ ቁመቱ ስለሚለያይ ለአንዱ የተበሳው ቀዳዳ ለሌላው እንደማይሆን፣ ቀዳዳው ትንሽ ከተሳተም መርፌው ሸክላውን እየላጠ እንደሚሄድ አስረዱኝ።

"አንዴ ከበሳሁት አልደፍነውም" አሉኝ። "ቤትሽ ሄደሽ አስቢበትና ነይ።"

ይህን ለእኔ ማለት አልነበረባቸውም። በተፈጥሮዬ ጭንቀታም ነኝ። ምድጃ ማጥፋቴን ለማረጋገጥ ከታክሲ ወርጄ የተመለስኩባቸው ቀናት አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ ክንድ ማንበብ ጀመርኩ። አንዱ ረጅም ይሻላል ይላል፣ ሌላው አጭር። አንዱ ከባድ፣ ሌላው ቀላል። የተማሪዎቼን ደብተር እያረምኩ እንኳ የማስበው ስለ ክንድ ነበር። በመጨረሻ ሲሰለቸኝ ለጋሽ በቀለ ደውዬ የእርሳቸውን እንደምወስድ፣ ሰኞ ማሽኑን ይዤ እንደምመጣ ነገርኳቸው።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ጠዋት ያገለገሉ ዕቃዎች የሚሸጡበት የቴሌግራም ቻናል ላይ አንድ ክንድ ተለጥፎ አየሁ። ቀጥ ያለ፣ ቀጭን፣ ከነሳጥኑ። ሻጩ የጻፈው ስም "አቡ" የሚል ብቻ ነው። ያለው ደግሞ ኮልፌ አስራ ስምንት ማዞሪያ ነው፤ ከእኔ ቤት በታክሲ ቅርብ። ማየት ምን ይጎዳኛል ብዬ መርፌዬን በቦርሳዬ ይዤ ሄድኩ።

ከአንድ ኪዮስክ አጠገብ ያለ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ሃያ ሰባት፣ ሃያ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ ደፍቷል፤ ጺሙ አድጓል፤ ሱሪው ላይ የደረቀ ሲሚንቶ አለ። ደህና ልብስ የለበሰ ሻጭ ጠብቄ ስለነበር ትንሽ ፈራሁ። ሳጥኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሲከፍተው ግን አያያዙን አየሁ። ዕቃውን የሚያውቅ ሰው አያያዝ ነው። ክንዱን በአንድ ጣቱ ላይ አስቀምጦ እንዴት እንደሚመጣጠን አሳየኝ። ጣቱ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ክንዱ ግን አልወደቀም።

ጋሽ በቀለ ዘንድ ከባድ ክንድ እንደተያዘልኝ ስነግረው ያልጠበቅኩትን ነገር አደረገ። መርፌዬን ሳያይ እንደማይሸጥልኝ ነገረኝ። መርፌው ጠንካራ ከሆነ ከባዱ የጋሽ በቀለ ክንድ እንደሚሻለኝና የእሱን መግዛት እንደሌለብኝ፣ ለስላሳ ከሆነ ግን ከባድ ክንድ ሸክላዬን እንደሚጨርስብኝ አስረዳኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳነበው ያልገባኝን በሁለት ደቂቃ አስገባኝ። መርፌውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየና ለስላሳ ነው፣ የእሱ ክንድ ይሆነዋል አለኝ።

"የማን ሸክላ ሊሰሙበት ነው?" ብሎ ጠየቀኝ።

የአባቴ ነው አልኩት። ይህን ስለው ሳጥኑን ዘጋውና ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ዋጋ አልተከራከረም። የሰጠሁትን ተቀብሎ፣ ተነስቶ ሄደ። እኔም ለጋሽ በቀለ ደውዬ ሐሳቤን እንደቀየርኩ ነገርኳቸው። ቅር አላላቸውም፤ ቀዳዳው የሚበሳበትን ልኬት የያዘ ወረቀት ሳጥኑ ውስጥ ሊኖር ስለሚችል ፈልጊው አሉኝ።

ወረቀቱን የፈለግኩት እሑድ ነው። ከሳጥኑ ውስጥ ያለውን ስፖንጅ ሳነሳው ወረቀቱን አገኘሁት። ከወረቀቱ ስር ደግሞ ሳጥኑ ላይ የተለጠፈ ነጭ ፕላስተር አለ። ፕላስተሩ ላይ በእስክሪብቶ፣ በጥንቃቄ በተጻፈ ፊደል "የሸምሱ ንብረት" ይላል። ቀጥሎ የቤት ስልክ ቁጥር አለ።

 ልጁ ራሱን "አቡ" ነው ያለው። የተሰረቀ ዕቃ ገዝቻለሁ ማለት ነው። ለደረጀ ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ግን ኮስተር አለ። የማላውቀው ሰው ዘንድ ደውዬ ዕቃህ እኔ ጋ ነው ብል መጀመሪያ የምጠየቀው እኔ እንደምሆን፣ ፖሊስ ጣቢያ ስመላለስ እንደምከርም ነገረኝ። ልጁ ዳግመኛ እንደማይገኝም አረጋግጦልኛል። ባይሆን ትንሽ ቆይተሽ አስቢበት ብሎ ወጣ።

እንግዲህ ዘልዬው የማልፈው ቦታ ይህ ነው። ደረጀ ከወጣ በኋላ ፕላስተሩን በጥፍሬ መፋቅ ጀመርኩ።

ማንም አላስገደደኝም። ክንዱን ስለወደድኩት ነው። ከስንት ጭንቀት በኋላ መርጬዋለሁ፤ ልክ ነው፤ የእኔ ነው አልኩ። ከቁጥሩ መጨረሻ ጀምሬ ወደ ስሙ ልፍቅ ነበር ሐሳቤ። የመጨረሻዋ ቁጥር ተፍቃ ስትጠፋ እጄ ቆመ። ለምን እንደቆመ አላውቅም። ሳጥኑን ዘግቼ ቁም ሣጥን ላይ ሰቀልኩት። እሑድ ዝም አልኩ። ሰኞም ዝም አልኩ። ሰኞ ማታ ደረጀ ምን ወሰንሽ ሲለኝ ባለቤቱን እየፈለግኩ ነው ብዬ ዋሸሁት።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ግን አልቻልኩም። ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ የጓደኛውን እርሳስ ወስዶ፣ እኔ ነኝ ቆሜ የተቆጣሁት። ቤት እንደገባሁ ስልኩን አነሳሁ። የመጨረሻዋን ቁጥር እኔው ራሴ ስለፋቅኳት ከዜሮ ጀምሬ ተራ በተራ መደወል ነበረብኝ። አንደኛው አይሠራም። ሁለተኛው መሥሪያ ቤት ነው። ሦስተኛውን ያነሳች ሴት ሸምሱ የሚባል አላውቅም ብላ ተቆጣችኝ።  በስድስተኛው አንድ ጎርናና የሽማግሌ ድምፅ አነሳ።

"አቶ ሸምሱ ቤት ነው?" አልኩ።

"ሸምሱ ነኝ" አሉ።

ስሜን ተናገርኩ፤ መምህርት መሆኔን ተናገርኩ። የሸክላ ማጫወቻ ክንድ ሳላውቅ ገዝቼ ስማቸውን ሳጥኑ ላይ እንዳገኘሁ፣ ገንዘቤን መልሱልኝ ሳልል እንደምመልስላቸው እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው።  

"ዕቃውን ተይው" አሉኝ። "የሸጠልሽን ልጅ በዓይንሽ አይተሽዋል?"

አይቼዋለሁ አልኩ።

"ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው?"

ኮፍያውን ደፍቶ ነበር። ግን መርፌውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ሲያይ ቀና ብሎ ነበር፤ ያኔ አይቼዋለሁ። ቅንድቡን ለሁለት የሚከፍል አሮጌ ጠባሳ። አለው አልኳቸው። ስልኩ ከእጃቸው ወድቆ የሆነ ነገር ላይ ሲጋጭ ተሰማኝ። ከዚያ የሰው ለቅሶ። ቆይቶ አንዲት ወጣት ሴት ስልኩን አንስታ ማን ልበል አለችኝ። የልጁ እህት ነኝ አለች። ወንድሟ ናስር ከቤት ከወጣ ሦስተኛ ወሩ ነበር።

በማግስቱ ቤታቸው ሄድኩ። ከአስራ ስምንት ማዞሪያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ከጎረቤት ጋር በር ለበር የተጋጠመ ግቢ ነው። ጋሽ ሸምሱ ጡረታ የወጡ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ ያሏቸው ናስርና ፎዚያ ብቻ ናቸው። በሩን የከፈተችልኝ ፎዚያ ነች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። በብብቷ ክራንች ይዛለች፤ አንድ እግሯን ከፍ አድርጋ ነው የምትራመደው።

የሆነውን ነገሩኝ። በሰኔ መጨረሻ፣ በዝናብ፣ ናስር የአባቱን አሮጌ መኪና እየነዳ፣ ፎዚያን ኮሌጅ ሊያደርሳት ይሄድ ነበር። ክንዱም ቦርሳው ውስጥ ነበር፤ ሽቦው እንዲበየድለት ወደ ጦር ኃይሎች ሊወስደው ነው። ቁልቁለቱ ላይ መኪናው ተንሸራቶ ከምሰሶ ጋር ተጋጨ። ናስር ምንም አልሆነም። ፎዚያ ተጣብቃ ራሷን ሳተች። ሰዎች አውጥተው ሐኪም ቤት ሲወስዷት ናስር አብሮ ሄደ፤ የድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ በእህቱ ደም ተነክሮ ቆሞ ያየው ሰው አለ። ከዚያ ጠፋ። ስልኩ ተዘጋ። ለፖሊስ አመለከቱ፣ ፎቶውን ለጠፉ፣ ዘመድ ሁሉ ጋ ደወሉ። ጋሽ ሸምሱ ልጃቸው እሳቸውን ፈርቶ እንደቀረ ነበር የሚያምኑት፤ መኪናውን ቀስ ብለህ ንዳ እያሉ ሁልጊዜ ይቆጡት ነበርና።

ስለ ክንዱ አንድም ቃል አልጠየቁኝም። ምን ለብሶ ነበር፣ ከስቷል ወይ፣ ያስለዋል ወይ፣ ጫማው ደህና ነው ወይ፤ ይህንን ነው የጠየቁኝ። አልከሳም ብዬ ዋሸሁ።

ሊያገኙት የሚችሉት በእኔ በኩል ብቻ ነበር። በቴሌግራም የሚያውቀው እኔን ብቻ ነው። እዚያው እፊታቸው ቁጭ ብዬ ጻፍኩለት። ክንዱ አልመጣጠን እንዳለኝ፣ መርፌው የአባቴን ሸክላ ሊቦጫጭርብኝ እንደሆነ፣ አንድ ጊዜ መጥቶ እንዲያሳየኝ ለመንኩት። ውሸት ነው፤ ክንዱ ገና ከሳጥኑ አልወጣም። መልእክቱን እንዳነበበው ስልኩ አሳየኝ። አልመለሰም። ሦስታችንም ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን እያየነው ተቀመጥን። በመጨረሻ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ያንን ሌሊት አልተኛሁም። የጠረጠረ መሰለኝ። ሐሙስ ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ሒሳብ ራሴው ስቼ ልጆቹ አረሙኝ። ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። ናስር ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ከከተማ ስለሚወጣ ከጁምዓ በኋላ፣ ዓርብ ብቻ እንደሚችል፣ አስራ ስምንት ማዞሪያ ያለው ኬክ ቤት እንድጠብቀው ጻፈልኝ። ክንዱንና መርፌውን ይዘው ይምጡ ይላል። ለጋሽ ሸምሱ ደውዬ ሳነብላቸው "ቅዳሜ" የምትለዋን ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ።

ማን ይምጣ በሚለው ላይ አልተስማማንም ነበር። እኔ ሁላቸውም እንዲመጡ ፈለግኩ። ጋሽ ሸምሱ "እኔን ካየ ይሮጣል" አሉ። በመጨረሻ እሳቸውና ፎዚያ ከኬክ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ በቆመ የጎረቤት መኪና ውስጥ እንዲጠብቁ፣ እኔ መጀመሪያ እንዳናግረው ተስማማን።

ዓርብ ዝናብ እያካፋ ነበር። ቀድሜ ገብቼ ተቀመጥኩ፤ ያዘዝኩትን ሻይ አልነካሁትም። ሰላት ወጥቶ መንገዱ በሰው ሲሞላ በየኮፍያው ውስጥ እሱን ስፈልግ ዓይኔ ደከመ። አይመጣም ብዬ ልነሳ ስል ከኋላዬ ሰላም አለኝ። በጓሮው በር ነበር የገባው። ሳጥኑን ከፍቶ ክንዱን አየው። ከዚያ እኔን አየኝ።

"ይሄ እኮ አልተገጠመም" አለኝ። "ብሎኖቹ እንኳ አልተነኩም።"

ያሰብኩት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። ጋሽ ሸምሱን አውቃቸዋለሁ አልኩት።

ተነስቶ ቆመ። ፊቱ ላይ ቁጣ አላየሁም፤ ደሙ ብቻ ከፊቱ ጠፋ። ልሩጥ ልቀመጥ ሳይል እንደቆመ ቀረ። እጁን ይዤ አባትህ አልተቀየሙህም፣ ወደ ቤት ና ነው የሚሉት አልኩት።

"በምን ዓይኔ ነው የማያቸው?" አለ። "ፎዚያን ገድዬባቸው።"

ያልገባኝ ነገር እንዳለ ያኔ ነው የገባኝ። ማን ነገረህ አልኩት። በአደጋው ማግስት፣ ከሐኪም ቤት ሸሽቶ ሲዞር ካደረ በኋላ፣ ምን እንደሆነ ለማወቅ ወደ ሰፈሩ ሄዶ ነበር። ከርቀት ሲያይ በራቸው ላይ ድንኳን ተጥሏል። አጎቱ ድንኳኑ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ከዚያ በላይ አልቀረበም። ሲም ካርዱን አውጥቶ ጣለ፤ አየር ጤና ሄዶ ግንባታ ላይ ተቀጠረ። ድንኳኑ የጎረቤታቸው ነበር። በር ለበር የተጋጠሙት ሰውዬ በዚያው ሳምንት አርፈው ነው። አጎቱም እነሱን ሊያስተዛዝን ነው የተቀመጠው። ይህን ሁሉ ያወቅኩት በኋላ ነው። በዚያን ሰዓት የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከአንድ ሰዓት በፊት ፎዚያን ጨብጬአታለሁ።

"ፎዚያ አልሞተችም" አልኩት። "በሕይወት አለች፤ አይቻታለሁ።"

አላመነኝም። ሊያታልሉኝ ነው የላኩዎት፣ ፖሊስ ነው ውጭ ያለው አለኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። እጄን ቀስ ብሎ ከእጁ ላይ አስለቀቀና በፊት ለፊቱ በር ወጣ። ተከተልኩት። ከበሩ ላይ አንድ ሚኒባስ ቆሟል፤ ረዳቱ ዓለም ባንክ፣ ዓለም ባንክ እያለ ይጣራል። ናስር ገባ። የቀረው አንድ ቦታ ነበር፤ ረዳቱ በሩን ዘጋውና ሂድ ብሎ ጣሪያውን መታ።

ያን ጊዜ ያደረግኩትን ዛሬ አስቤው አላደርገውም። ከታክሲው ፊት ገብቼ ቆምኩ። ሹፌሩ ክላክስ ያደርጋል፣ ከኋላ ያሉት መኪናዎች ይጮኻሉ፣ ሰው እብድ ናት ይላል። ወደ ማዶ ዞሬ በሁለት እጄ ምልክት ሰጠሁ። የመኪናው በር ተከፈተና ፎዚያ ወረደች። ጋሽ ሸምሱ ሊይዟት ሲሞክሩ ክንዷን ነጥቃ አስፋልቱ ውስጥ ገባች። መንገዱ ረጥቧል፤ ክራንቿ አንድ ጊዜ አዳለጣትና ልትወድቅ ስትል እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው መሐል መንገድ ደርሳለች። መኪና እየቆመላት ነው።

"ናስሬ" ብላ ጠራችው። አልጮኸችም። ከቤት ሆነው ከክፍል ወደ ክፍል እንደሚጠራሩ ዓይነት ነው።

የታክሲው በር ተከፈተ። ናስር ወረደ ማለት አልችልም። በሩ ላይ ተንሸራቶ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። ፎዚያ ደርሳ አጠገቡ ልትቀመጥ ስትል፣ አትችይም፣ እግርሽን፣ እግርሽን እያለ ሁለት እጁን ስሯ ዘረጋ። እንደዚያ ሆነው ዝናቡ ውስጥ ተቀመጡ። ሹፌሩ ክላክስ ማድረጉን ተወ። ረዳቱ ምን ሆነው ነው ብሎ ጠየቀኝ፤ ወንድሟ ነው አልኩት።

ጋሽ ሸምሱ ቀስ ብለው ተሻገሩ። እንደሚፈሩ ያየሁት ያኔ ነው። ልጃቸው ፊት ደረሱ። ጃኬታቸውን አውልቀው ትከሻው ላይ ጣል አደረጉለት፤ "ተነስ፣ ብርድ ይመታሃል" አሉት።

ቅዳሜ ጠዋት ወዴት ይሄድ እንደነበር በኋላ ነገረኝ። ከአንድ ደላላ ጋር ተነጋግሮ በጅቡቲ በኩል ባሕር ሊሻገር ነበር። ከቤት የያዘው ምንም ነገር እጁ ላይ አልነበረም፤ ከክንዱ በቀር። እሱን ሦስት ወር ሙሉ ትራሱ ስር አድርጎ ተኝቷል። የሸጠው ለመንገዱ ነው። ለማያውቅ ሰው እንዳይሸጠው ብሎ ነው መርፌዬን ካላየሁ ያለው።

ክንዱን ይዤ ሄጄ ነበር ልመልስላቸው። ጋሽ ሸምሱ አልቀበልም አሉ። ጭራሽ ከሁለት ሳምንት በኋላ እሑድ ቀን አባትና ልጅ መሰርሰሪያቸውን ይዘው ቤቴ መጡ። ሽቦውን ጋሽ ሸምሱ በየዱት፤ ቀዳዳውን የበሳው ናስር ነው። እኔ ላለማየት ወጥ ቤት ገባሁ። ሲጨርሱ ጠሩኝ፤ ከአባቴ ሸክላዎች አንዱን ምረጪ አሉኝ። ያ ሁሉ ጭንቀቴ ለዚህ ነበር፤ ድምፁ ሲወጣ ግን የማየው የናስርን እጅ ነበር። አሁንም ይንቀጠቀጣል። ሐኪም ያየዋል፤ ቀስ እያለ እየተሻለው ነው።

ፎዚያ ዛሬ ያለ ክራንች ትሄዳለች፤ ትንሽ ታነክሳለች። በየበዓሉ፣ በእነሱም በእኛም፣ ትደውልልኛለች። ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ሁልጊዜ "እርስዎ ባይኖሩ ኖሮ" ትለኛለች። እኔ ደግሞ ያንን ፕላስተር አያለሁ። የመጨረሻዋ ቁጥር በጥፍሬ ተፍቃ የቀረችበትን ቦታ። እጄ ትንሽ ቆይታ ብትቆም፣ ወይም ሁለት ቀን ዝም ያልኩትን አራት ቀን ባደርገው፣ ቅዳሜ ያልፍ ነበር። እሷ ስታመሰግነኝ ምንም የለም እላታለሁ። እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ አፌ ላይ ደርሶ ተመልሷል።

ይህን ጽሑፍ ምናልባት ፎዚያ ታነበው ይሆናል። ብታነበው ይሻለኛል።